ሰርተፍኬቱን ከማሳተማችን በፊት

እንደምን ዋላችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ እዚያ ጥግ የተቀመጣችሁ የተማሪ ተወካዮችም። ረጅም ንግግር አልወድም፣ እናንተም የምትወዱ አይመስለኝም። ቀጥታ ልግባ።

ትምህርት ቤታችን በትምህርታቸው ብልጫ ላሳዩ ልጆች ቋሚ የዕውቅና ፕሮግራም ሊጀምር ነው። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ያልተዋጠልኝ አንድ ነገር ነው፦ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ጠርተን፣ አጨብጭበን፣ ፎቶ ተነስተን እንበተን የሚለው።

ለምን እንዳልተዋጠልኝ ልናዘዝ። ድሮ በሌላ ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ያኔ ሮስተር የሚሠራው በእጅ ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋኝ የአንዲት ልጅ የሒሳብ ውጤት 89 የነበረውን 86 ብዬ ገለበጥኩት። 3 ነጥብ ለ10 ትምህርት ሲካፈል 0.3 ነው፣ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ግን በዚያች 0.3 ልጅቷ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ወረደች፣ ስሟም ሳይጠራ ቀረ። በማግስቱ የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ “ቲቸር፣ ይቺ ስድስት ናት ዘጠኝ?” አለችኝ። ዘጠኝ ነበረች። ሮስተሩን አስተካከልኩ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ፤ ጭብጨባውን ግን ከየት አመጣላት?

ስህተቱ የኔ ነው፣ አላስተባብልም። ግን ቆይቼ ሳስበው የባሰው ነገር ሌላ ነበር። ባልሳሳት ኖሮ ደግሞ ሦስተኛ ተብሎ የተጠራው ልጅ በዚያችው ነጥብ ወንበሩ ላይ ይቀር ነበር። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። በደረጃ ስንሸልም ግን አንዱ የሚገባው ሌላው ሲወጣ ነው፣ እና እንዲህ ከሆነ ደብተሩን ለጓደኛው የሚያውስ ልጅ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የማቀርበው በደረጃ ሳይሆን በመቁረጫ ነጥብ እንሂድ ነው። ነጥቡ ዓመቱ ሲጀመር ይነገር፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያለፈ ሁሉ ይጠራ። አምስት ከሆኑ አምስት፣ አርባ ከሆኑ አርባ። ውጤቱ ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት ለልጆቹ ይታይ፤ ያቺን ልጅ የመሰለች ተማሪ ወረቀቷን ይዛ የምትመጣው ከጭብጨባው በፊት እንዲሆን።

“ሁሉም ከተሸለመ ሽልማቱ ምን ዋጋ አለው?” የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሃርቫርድ ከተመረቁት 91 በመቶው በማዕረግ ነበር የተመረቁት። ነገሩ መነጋገሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲው በኋላ ገደብ ለማበጀት ተገደደ። የኛም መቁረጫ ነጥብ ላብ የሚያስወጣ መሆን አለበት። ግን ልጆች በርትተው ስላለፉት በሚቀጥለው ዓመት ከፍ ማድረግ የለብንም፤ ያ ማታለል ነው።

ውጤት ብቻ ይበቃል ወይ? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 የተጀመረ ብሔራዊ የክብር ተማሪዎች ማኅበር አለ። እዚያ ውጤት የመጀመሪያው በር ነው፤ ቀጥሎ አገልግሎት፣ የመሪነት ብቃትና ጸባይ ይታያል። የሚመርጡት አምስት መምህራን ናቸው፣ ርዕሰ መምህሩ ኮሚቴው ውስጥ አይገባም። ይህን የመጨረሻውን እንዳለ ብንወስደው ደስ ይለኛል (ይቅርታ አቶ ርዕሰ መምህር፣ የግል ጉዳይ አይደለም)። ጸባይ የሚለውን ግን እፈራዋለሁ። አንዳንዴ እኛ መምህራን “ጸባየ ሸጋ” የምንለው ዝም የሚለውን ልጅ ነው። ስለዚህ የሚቆጠር ነገር እንያዝ፦ ታናናሾቹን ያስጠና፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገለገለ፣ ክበብ ያንቀሳቀሰ።

ሌላው ከትምህርት ያልቀረ ተማሪ ይሸለም የሚለው ነው። ይሄ ይቅርብን። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ15,000 በላይ ተማሪዎችን ተከታትሏል። አንድ ወር ሳይቀሩ ለተማሩ ልጆች ሳይጠብቁት የሽልማት ደብዳቤ ተላከላቸው። ከዚያ ምን ሆነ? ካልተላከላቸው ይልቅ የሚቀሩባቸው ቀናት ጨመሩ። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ደብዳቤው ለልጆቹ “ከሚጠበቅባችሁ በላይ መጥታችኋል” የሚል መልእክት ነው ያደረሰው፣ እነሱም ዘና አሉ። ደግሞስ ትኩሳት ይዞት የቀረ ልጅ ምን አጠፋ?

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። በመጀመሪያው ሴሚስተር 52 አምጥቶ በሁለተኛው 68 ያመጣ ልጅ አለ። በየትኛውም ደረጃ አይገባም፣ መቁረጫችንንም አያልፍም። እኔ ግን የ16 ነጥብ ዳገት ምን ያህል እንደሚያስተነፍስ አውቃለሁ፣ ከ94 ወደ 95 ከመሄድ ጋር አይወዳደርም። ለዚህ ልጅ የራሱ መደብ ይኑረው። “የማበረታቻ” ብለን በመጨረሻ፣ ሰው ወደ በሩ ሲጋፋ የምናነበው ሳይሆን መጀመሪያ ላይ የሚጠራ።

ስንጠራም “ጎበዝ ተማሪ” ብለን አንለፍ። ምን እንደሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነበብ፦ ፊዚክስ አልገባ ብሏት በየሳምንቱ ያልገባትን ጽፋ ስትጠይቅ የከረመችው፣ እንዲህ። የልጁ ስም በትክክል መጻፉም ከመታተሙ በፊት ልጁን ራሱን አስጠርቶ ይታይ። መድረክ የሚያስፈራው ካለ አናስገድደው፣ ለሱ ክፍሉ ውስጥ ይሰጠው። ውድ ዋንጫም አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ ማኅተምና የሚያነብ ሰው ይበቃናል።

ፊታችሁ ያለው ረቂቅ አንድ ገጽ ነው። መቁረጫው 85 ተብሎ በእርሳስ የተጻፈው ሆን ብዬ ነው፣ በዛ ወይም አነሰ የምትሉ አጠገቡ ጻፉበት። የኮሚቴው አባላት ስም ባዶ ነው። እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ፣ የሌላችሁ ከተማሪ ተወካዮቹ ተዋሱ። ከዚያ መስመር እንጀምር።