የፍሳሽን መርዛማነት በውሃ ውስጥ ፍጥረታት መመርመር

[ምስል፦ የቀሃ ወንዝ፣ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ]

ተራኪ፦ ጎንደርን አቋርጠው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይፈሳሉ፤ መገጭም ጣና ይገባል። ስለዚህ ከመኖሪያ ቤት፣ ከሆስፒታል፣ ከጋራዥና ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ከገባ፣ ጉዳቱ የሐይቁን ዓሣ ሊነካ ይችላል።

የኬሚካል ምርመራ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ላቦራቶሪው መጠኑን የሚያሳውቀው እንዲለካ ለተጠየቀው ንጥረ ነገር ነው፤ የሳሙና፣ የመድኃኒትና የብረት ቅሪቶች ተደባልቀው የሚያደርሱትን ጉዳት የሚያሳየው ግን በውሃው ውስጥ የሚኖር ፍጡር ነው።

[ምስል፦ ዳፍኒያ በማይክሮስኮፕ]

ለዚህ በብዛት የምታገለግለው ዳፍኒያ ናት፤ አልጌ እየበላች የምታድግ፣ ራሷም ለዓሣ ምግብ የምትሆን፣ ርዝመቷ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነች ፍጡር። ፍሳሹ መጀመሪያ እንዳለ፣ ከዚያም ወደ 50፣ 25፣ 12.5 እና 6.25 በመቶ እየቀጠነ ይዘጋጃል። በየደረጃው ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው 20 ዳፍኒያዎች፣ አምስት አምስት ሆነው በአራት ብርጭቆ ይገባሉ። ከ48 ሰዓት በኋላ ብርጭቆው በቀስታ ሲነቃነቅ፣ በ15 ሴኮንድ ውስጥ መዋኘት ያቃታቸው ይቆጠራሉ።

በእኔ እምነት ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚገባው ፍሳሽ ጨርሶ ያልገባበት ማነጻጸሪያ ብርጭቆ ነው። በዚያ ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ዳፍኒያዎች መንቀሳቀስ ካቆሙ ውጤቱ በሙሉ ይጣላል። በፍሳሹም ብርጭቆ ቢሆን ኦክስጅኑ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ከወረደ፣ ዳፍኒያዋን የጎዳት መርዙ ይሁን የአየር እጥረቱ መለየት ያስቸግራል። የአሞኒያ መርዛማነትም ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ከፍ ሲል ስለሚጨምር፣ ሁለቱም አብረው ይለካሉ።

[ምስል፦ መገጭ በበጋ]

የዳፍኒያዎቹን ግማሽ ያቆመው መጠን 25 በመቶ ነው እንበል። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ፍሳሹ ከዚያ በእጅጉ ሊቀጥን ይችላል፤ በበጋ ግን ወንዙ ሲጎድል የፍሳሹ ድርሻ ወደዚያው ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወቅት ብቻ የተወሰደ ናሙና ያሳስታል።

የክረምቱም ናሙና የሚናቅ አይደለም፤ አንዳንድ የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ መገጭ የሚወጡት በዚያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ ከዳፍኒያው በተጨማሪ፣ በዓሣ ሽል ላይ የሚደረገው የ96 ሰዓት ፈተና በዚህ ወቅት ናሙና ላይ ቢካሄድ ተገቢ ነው።