የጋገረችው የት ትበላለች?

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ስብሰባ ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይቆየን። የፋሲካው ማዕድ ከውስጤ አልወጣ ብሏል።

እህቴ ቤት ነን። አጎቴ ከመንዝ መጥቷል። ዶሮው ቀርቧል። አጎቴ ማዕዱን ባርኮ እንዳበቃ ቀና አለና «የሠራችውስ ልጅ?» አለ። ሁላችንም ዝም። ያን ጊዜ ገና አምስት ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ «እሷ እኮ ወጥ ቤት ነው የምትበላው» አለችው። በክፋት አይደለም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው ረጋ ብላ ነው።

አጎቴ ሠራተኛዋን ጠራት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ጠቅልሎ ዘረጋላት። እዚህ ላይ ነው የምመላለሰው፦ ጉርሻው አፏ ሳይደርስ ዓይኗ ወደ እህቴ ፊት ሄደ። እህቴ ፈገግ አለች፤ እርሷም ጎረሰች፣ አመሰገነች፣ ተመለሰች። እኛም ስለ በግ ዋጋ ማውራት ጀመርን።

በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ «እንብላ» የምንል ሰዎች እኮ ነን!

እህቴ ክፉ አይደለችም። ቪላ ቢሆን ሰርቪስ ቤት ይኖር ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ሠራተኛዋ ሁሉም ከተኛ በኋላ ሳሎን ፍራሽ ትዘረጋለች፣ ማንም ሳይነሣ ታጥፋለች። ሕጉም አልደረሰላትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደ እርሷ ያሉትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ለደንብ ትቷቸዋል። ስለዚህ የሥራ ሰዓቷም ሆነ ዕረፍቷ በእህቴ ደግነት ላይ ያደረ ነው። ደግነት ደግሞ… እንጃ፣ ይደክማል።

አጎቴን ቅዱስ ላደርገው ነበር። ግን በእርሱም አገር ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል፣ ጋብቻም ተከልክለዋል። ያን ጉርሻ ለሸክላ ሠሪ ልጅ ይዘረጋው ነበር? ይህን ሳስብ ደስታዬ ሁሉ ጠፋ። ምናልባት እየበደልሁት ነው።

ደግሞስ እርሷ የምትፈልገው ከእኛ ጋር መቀመጥ ነው ወይስ የእሁድ ዕረፍት? ከእኛ መካከል የጠየቃት የለም። ምናልባት ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ማንም ሳያያት መብላቱ ይሻላት ይሆናል። ግን ዓይኗ… አይ፣ ያን ዓይን ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

እህቴን «ትንሿን ማን ነገራት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ማንም» አለችኝ። አምናታለሁ፤ የከፋኝም እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አልደወለችልኝም። ቅዳሜ ልሄድ አስቤያለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን…