የትምህርት ቤት ዶሮ

(በዱባይ የሚኖሩ የአንድ ወረዳ ተወላጆች በዓመታዊ ስብሰባቸው ላይ ያደመጡት ንግግር)

የተከበሩ ሰብሳቢያችን ጋሼ፣ የኮሚቴው አባላት፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አስር ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። ጋሼ ሰዓታቸውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ወረቀት ይዤ የወጣሁትም ለዚሁ ነው። በቃሌ ከጀመርኩ እራቱ እንደሚቀዘቅዝ ካለፈው ዓመት ታስታውሳላችሁ።

ስለ ትምህርት ቤታችን ተናገሪ ተብያለሁ። እናገራለሁ። በመጀመሪያ ግን ፊሊፒንስ ደርሰን እንመለስ። አትሳቁ እንጂ! እዚህ ከተማ ከፊሊፒኖ ጋር ያልሠራ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ሽንኩርትና በርበሬ ስናቁላላ አብረውን አስነጥሰዋል። እኛም የደረቀ ዓሣቸውን ሲጠብሱ መስኮት ከፍተናል። ተቻችለን ነው የኖርነው።

እኔ ከአንዷ ጋር ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል ኖሬያለሁ። ስሟን አልጠራም፣ አላስፈቀድሽኝም ትለኛለች። ሁላችንም "አቴ" ነው የምንላት። በእነሱ ታላቅ እህት ማለት ነው። ከእኛ "እቴ" የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። መጀመሪያ ስሰማ አማርኛ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

ባሊክባያን ቦክስ የሚሉትን ትልቅ ካርቶን ታውቁታላችሁ። መተላለፊያ ዘግቶበት ሌሊት ያላደናቀፈው ሰው እዚህ የለም። ትንሽ በትንሽ ይሞሉታል፣ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሀገር ይልኩታል። የአቴ ካርቶን ከአልጋዬ ግርጌ ነበር። የቆርቆሮ ሥጋ፣ ሳሙና፣ ቡና፣ ቸኮሌት። ከሥር ግን ሁልጊዜ እርሳስ ትደረድራለች። በደርዘን በደርዘን፣ በላስቲክ ታስሮ።

አንድ ቀን፣ "አንቺ፣ ስንት ልጅ ነው ያለሽ?" አልኳት።

"አንድ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ እርሳስ?"

"ለትምህርት ቤቱ ነው። እናቴ በዶሮ ነው የተማረችው።"

እንግሊዝኛዬ ያኔ ገና ስለነበር በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

በትክክል ነበር የሰማሁት። አቴ የተወለደችው ከማኒላ በስተሰሜን፣ ፓንጋሲናን በሚባል ጠቅላይ ግዛት ነው። ስሙ የጨው ሀገር እንደማለት ነው። እዚያ ውስጥ ኡርዳኔታ የሚባል ቦታ አለ። በ1899 ፔድሮ ኦራታ የሚባል ሰው እዚያ ተወለደ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እነሱ እንደዚያ ስለሚቆጥሩ። ኦራታ አሜሪካ ሄዶ ተማረ፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። ፓሪስ፣ ዩኔስኮ ውስጥ ለዓመታት ሠራ። ከዚያ ጡረታ ወጣ። ፓሪስ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን የማደርገውን አውቃለሁ። እሱ ግን ኡርዳኔታ ተመለሰ።

ሲመለስ ያየውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በየመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። መንደሩን ያኔ ባሪዮ ይሉት ነበር፣ ዛሬ ባራንጋይ ነው የሚሉት። ሁለተኛ ደረጃ ግን ያለው ከተማ ነው። ብዙው ደግሞ የግል ነው፣ ያስከፍላል። ስድስተኛን የጨረሰ ልጅ የቤት ኪራይ፣ ቀለብና መጓጓዣ የሚሸፍንለት ካላገኘ ወደ ሩዝ ማሳው ይመለሳል። ሕንፃ እስኪሠራለት ይጠብቅ ቢባል ልጁ ራሱ የልጅ አባት ይሆናል።

ኦራታ አልጠበቀም። በ1964 በኡርዳኔታ መንደሮች አራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስከፈተ። አዲስ ግንብ ይቁም አላለም። ጋሼ፣ ይህቺን ልድገማት፤ አዲስ ግንብ ይቁም አላለም! የአንደኛ ደረጃው ክፍል ትንንሾቹ ሲወጡ ባዶ ነው፣ እዚያ ገቡ። ያስተማሩት እዚያው ያሉት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ናቸው፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ፣ ትንሽ ጭማሪ እየተከፈላቸው። ክፍያውን የቻሉት ወላጆች ናቸው። ገንዘብ የሌለውስ? አትክልት ይተክላል፣ ዶሮ ያረባል፣ አሳማ ያደልባል፣ ሸጦ ይከፍላል።

ጥራቱ ምን ሊሆን ነው ብለው የተጠራጠሩ አልጠፉም። ሐሳቡ ግን ከመንደር መንደር ሄደ። በ1969 የራሱ ሕግ ወጣለት። በ1971 ኦራታ የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት ወሰደ፣ የእስያ ኖቤል የሚሉትን። ያን ጊዜ የመንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ በመላ ሀገሪቱ ከሺህ በላይ ሆነው ነበር። በ1988 በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃ በነጻ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ኦራታ የሞተው በ1989 ነው። ለጥቂት አየው።

እሺ፣ ወደ ዶሮዋ።

የአቴ እናት ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ አንዲት ቀይ ዶሮ ሰጧት። "ይቺ የእኔም አይደለችም፣ የአንቺም አይደለችም። የትምህርት ቤት ናት" አሏት። እንግዳ ቢመጣ አትታረድም። በዓል ቢደርስ አትታረድም። እንቁላሉ ተጠራቅሞ ገበያ ይወጣል፣ ገንዘቡ ለክፍያ ይሄዳል። ወንድሞቿ ዶሮዋን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

ዶሮዋ ግን አመል ነበራት። ቤት መጣል ትታ፣ ጎረቤት የገለባ ክምር ውስጥ ገብታ መጣል ጀመረች። ጎረቤትየው አገኙ፣ ጠበሱ፣ በሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ልጅቷ ስትደርስበት አለቀሰች። አባትየው ሄደው ጠብ አነሱ። ጎረቤትየውም፣ "ጓሮዬ የተጣለ የእኔ ነው። ይልቅ ገለባዬን ለበታተነችው ማን ይክሰኝ?" አሉ። ነገሩ ለመንደሩ አለቃ ቀረበ። ካፒታን ይሏቸዋል። ወታደር ግን አይደሉም፣ ሕዝቡ የመረጣቸው ሰው ናቸው።

ካፒታኑ ሁለቱን አባቶች ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው። እኛ ጋ ቢሆን ዋርካ ነበር። ዶሮዋም በቅርጫት ሆና ቀርባለች። ካፒታኑ ግራ ቀኙን ሰሙና ጎረቤትየውን ጠየቁ።

"ስድስተኛ የጨረሰች ልጅ አለችህ አይደል?"

"አለች።"

"ምን ትሠራለች?"

"ቤት ናት።"

"እንግዲያው እንቁላሉን አትክፈል። ሰኞ ልጅቷን ላካት። ከእንግዲህ ዶሮዋ እዚያ ቤት የጣለችው ለዚያች ልጅ፣ አንተ ጓሮ የጣለችው ለአንተ ልጅ ክፍያ ይሁን።"

"ከዚያስ?" አልኳት አቴን።

"ከዚያማ ዶሮዋ ሁለት ቤት ስትቀለብ ወፈረችና መጣል አቆመች" አለችኝ። "ጎረቤታችን አፍረው የራሳቸውን ዶሮ ገዙ።"

ታሪኩ ከአፍ አፍ ሲዞር ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም፣ እኛም ቤት ያለ ነው። ሁለቱ ልጆች ግን አራቱን ዓመት ተምረው ጨርሰዋል። የአቴ እናት እዚያው መንደር አስተማሪ ሆኑ። እርሳሱ የሚሄደው እሳቸው ወዳስተማሩበት ክፍል ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልናሠራ ሦስት ዓመት አዋጥተናል። በመጀመሪያው ዓመት ፕላን ተሠራ። ባለ ቀለም ፕላን፣ የባንዲራ መስቀያው ሳይቀር ያለበት። ሁላችንም በስልካችን ፎቶ አንስተነዋል። በሁለተኛው ዓመት አጥር ታጠረ። በሦስተኛው ዓመትስ? በሩ ላይ በሚለጠፈው እብነ በረድ የማን ስም ይቅደም ብለን አራት ስብሰባ ተቀመጥን። አራት! እኔ ራሴ በሁለቱ ላይ ጮኼ ተከራክሬያለሁ፣ ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ዛሬ አጥሩ ውስጥ ምን አለ? ሣር። የሰው ላም ይግጥበታል።

ከአጥሩ ማዶ ግን እስከ ስምንተኛ ያለው ትምህርት ቤት አለ። ልጆቹ ጠዋት ተምረው ይወጣሉ፣ ከሰዓት ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ሰሌዳው አለ። ወንበሩ፣ ጎደሎም ቢሆን፣ አለ። ዲግሪ ያላቸው መምህራን አሉ፣ ደሞዙ ከወር ወር ስለማያደርሳቸው ከሰዓት ሌላ ሥራ ፍለጋ የሚዞሩ። "ፈቃድ ያስፈልጋል" ትላላችሁ። አዎ፣ ያስፈልጋል! ለአጥሩ ወረዳ ስድስት ጊዜ የተመላለሰ ኮሚቴ ለልጆቹ አንድ ጊዜ መሄድ ያቅተዋል?

ስምንተኛ የጨረሰችው ልጅ የት እንደምትሄድ ታውቃላችሁ። እዚህ! በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች ትሂድ ይል ነበር። እኛን ለመጠበቅ ታስቦ ነው፣ አልቃወምም። እኛ ቀበሌ ግን ስምንተኛ ክፍል የኤርፖርት ትኬት ሆኖ ቀረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ እንደ እኔ ስምንተኛ ላይ ያቆማችሁ? እጅ አታውጡ። አውቃችኋለሁ። እናንተም ታውቁኛላችሁ።

በእብነ በረድ ላይ ስንከራከር በከረምንበት ዓመት ስምንተኛን ከጨረሱት አንዷ ባለፈው ወር ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ ደረስኩ እኮ!" አለችኝ። የት ደረስሽ? እዚሁ። የእህቴ ልጅ ናት። አጥር ውስጥ ያለው ሣር የእኔም ድርሃም አለበት። ያ ድርሃም አንዲት መምህር ከሰዓት ማቆየት ይችል ነበር።

አንዳንዶቻችሁ፣ "አቴም እኮ እዚሁ ናት፣ እናቷ አስተማሪ ሆነው" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ትምህርት ቤቱ ስደትን አላስቀረላቸውም፣ ፊሊፒኖ የሌለበት ሀገር የለም። ተአምር ልሸጥላችሁ አልቆምኩም። ግን ስሙኝ። የመጀመሪያ ውሌን የፈረምኩት ሳላነብ ነው። "እዚህ ጋ" ብለው በጣት አሳዩኝ፣ ፈረምኩ። ሁለተኛውን ልፈርም ስል አቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጥፍሯን አሳረፈች። የሳምንት እረፍቴ አልተጻፈም። "ይሄ ሳይጻፍ እንዳትፈርሚ" አለችኝ። አልፈረምኩም። ተጻፈ። ዛሬ እሑድ ከእናንተ ጋር የቆምኩት በዚያች መስመር ነው።

ሐሳቤ አጭር ነው። የእብነ በረዱ ገንዘብ ለሁለት መምህራን የከሰዓት ክፍያ ይዋል። በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል በአንድ ክፍል ይጀመር። ግንቡን እየተማሩ እንሠራዋለን።

ሁለተኛ፣ ወላጆች። "ምስኪን ናቸው፣ ምንም አያዋጡ" ብለን እዚህ ሆነን ወሰንን። ማን ጠየቃቸው? ፊሊፒኖች ባያኒሃን የሚሉት ነገር አላቸው። የጎረቤትን የቀርከሃ ቤት እንዳለ ተሸክመው ቦታ ያዛውሩለታል። እኛስ ደቦ የለንም? ዶሮ የለንም? እንጠይቃቸው።

ሦስተኛው ሂሳብ ነው፣ ለገንዘብ ያዣችን ትቼዋለሁ። ወረቀቴ ላይ አራተኛ የሚልም አለ። ጋሼ ግን ሰዓታቸውን አንስተዋል፣ ይቅር።

አቴ ዛሬ መጥታለች። ከኋላ፣ ኤሲው ሥር፣ ሹራብ ደርባ የተቀመጠችው ናት። አማርኛ አትሰማም። "ዶሮ" የሚለውን ግን ታውቃለች፣ ወጡን እኔው ነኝ ያስለመድኳት። ዶሮ ባልኩ ቁጥር ስትስቅ የነበረችው እሷ ናት። ካርቶኗን ይዛ ነው የመጣችው። የዚህ ወር እርሳስ ኡርዳኔታ አይሄድም ብላኛለች። ካርቶኑ ይከብዳል። ከእራት በኋላ መኪና ያላችሁ ሁለት ልጆች በኋለኛው በር ጠብቁኝ።