ቤርዮዞቭካ፤ የትኛዋ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ሩሲያ የገጠር መንደሮች ነው፤ በተለይ ስለ አንድ ስም። ቤርዮዞቭካ።

የሩሲያን ካርታ ዘርግታችሁ ይህን ስም ብትፈልጉ የትም ታገኙታላችሁ። በቮልጋ በኩል አለ። ከኡራል ማዶ አለ። ሳይቤሪያ ውስጥማ ሞልቷል። በመቶዎች ይቆጠራል። ስሙ የመጣው ቤርዮዛ ከሚባለው ዛፍ ነው፤ ግንዱ ነጭ የሆነ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ። እዚያ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። በሌሎች ዛፎች የተሰየሙም ብዙ ናቸው፦ ሶስኖቭካ፣ ዱብሮቭካ፣ ሊፖቭካ። የሶቭየት መሪ የነበረው ኒኪታ ክሩሽቾቭ በ1894 የተወለደባት ካሊኖቭካም ስሟን ያገኘችው ቀይ ፍሬ ከሚያፈራ ቁጥቋጦ ነው። በነገራችን ላይ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

በሶቭየት ዘመን ስማር አንድ የዶርም ጓደኛዬ ከቤርዮዞቭካ ነበር። አገርህ የት ነው ሲሉት ስሙን ብቻ ጠርቶ አያቆምም። ክልሉን ይጠራል፣ ወረዳውን ይጠራል፣ ከዚያ ነው ቤርዮዞቭካ የሚለው። ያኔ የፖስታ አድራሻም የሚጻፈው እንደዚያው ከትልቁ ወደ ትንሹ ነበር፤ የተቀባዩ ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከ1971 ጀምሮ ባለ ስድስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር ተጨመረ። ለቤርዮዞቭካ ሰው ያ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። የእናቱ ደብዳቤ ሌላ ቤርዮዞቭካ እንዳይሄድ የሚጠብቀው እሱ ነዋ! አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ይገጥማሉ። ያኔ ትልቋ፣ ትንሿ፣ አሮጌዋ፣ አዲሷ፣ የላይኛዋ፣ የታችኛዋ እየተባሉ ይለያሉ።

ይሄን የሚሰሙ ሰዎች “ስም አጥተው ነው እንዴ?” ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ገበሬው ከጌታው መሬት ጋር ከታሰረበት ሥርዓት የወጣው በ1861 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መሬት ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ሄደ። በ1891 የሳይቤሪያ ባቡር ሐዲድ ሥራ ሲጀመር መንገዱ ቀለለ፤ ከ1906 በኋላ ደግሞ መንግሥት ራሱ ስደቱን ገፋበት። ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ከብቱን ይዞ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ይደርሳል። ምዕራብ ሳይቤሪያ ሜዳው መሃል ላይ እዚህም እዚያም የቤርዮዛ ደን ጉች ጉች ብሎ ይታያል። እዚያ ደን አጠገብ መስፈር ማለት ማገዶ አለህ፣ ከነፋስ መከለያ አለህ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ የዘፈቀደ አይደለም። እዚህ መኖር ይቻላል ብሎ ያመነ ሰው ያወጣው ስም ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ መጀመሪያ ስሙን የያዘው ወንዙ ነበር፤ መንደሩ ከወንዙ ወሰደ።

ዛፉም ለሰው ቅርብ ነው። ዘሩ ቀላል ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል። ደን ሲቃጠል ወይም ሲመነጠር ቶሎ ብቅ ከሚሉት አንዱ እሱ ነው። ከቅርፊቱ ለጫማና ለጋሪ የሚቀባ ዝፍት ያወጣሉ። በጸደይ ፈሳሹን ይጠጡታል። ቅጠላማ ቅርንጫፉ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤታቸው ገላ ይመታበታል። ይጽፉበትም ነበር! በ1951 ኖቭጎሮድ ውስጥ በቅርፊቱ ላይ ተጭሮ የተጻፈ የጥንት ደብዳቤ ከመሬት ወጣ፤ እስከ ዛሬ ከሺህ በላይ ተገኝቷል። ከሁሉም የሚገርመኝ ኦንፊም የሚባል ትንሽ ልጅ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ። ፊደል እየተለማመደ መሃል ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና ሥሎበታል። ልጅ በየዘመኑ ልጅ ነው።

ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ታሪክም አለ። የፑሽኪንን ቅድመ አያት፣ አብራም ጋኒባልን ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ከሐበሻ ምድር ነው እንላለን፤ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ከሎጎን ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ የክርስትና አባቱ ነበር። ጴጥሮስ ሲሞት ግን ሥልጣኑ ከመኳንንቱ አንዱ በነበረው በሜንሺኮቭ እጅ ወደቀ፤ ሜንሺኮቭም በ1727 ጋኒባልን ሳይቤሪያ ላከው፣ እስከ ቻይና ድንበር ድረስ። በዚያው ዓመት ራሱ ሜንሺኮቭ ወደቀ። በማግስቱ ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ሰሜን ሳይቤሪያ ተጋዘ። የት መሰላችሁ? ቤርዮዞቭ። የዚያው ዛፍ ስም! ሚስቱ መንገድ ላይ ሞተች። እሱ በ1729 እዚያው አረፈ፣ ሴት ልጁ ማሪያም ወዲያው ተከተለችው። ጋኒባል ግን ተመልሶ ጄኔራል ሆነ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የሶቭየት መንግሥት ትንንሽ መንደሮችን “ተስፋ የሌላቸው” ብሎ መደበ። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ አይጠገንም። ወጣቱ ይሄዳል፣ አሮጊቶቹ ይቀራሉ። ከሶቭየት መፍረስ በኋላም አልቆመም። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ከ153 ሺህ ከሚበልጡ የገጠር መንደሮች ከ19 ሺህ በላይ የሚሆኑት አንድም ነዋሪ አልተገኘባቸውም። እርሻው ጦም ሲያድር መጀመሪያ የሚወርሰው ብዙ ጊዜ ያው ቤርዮዛ ነው። የቀድሞ ነዋሪዎች አንዳንድ ቦታ ድንጋይ አቁመው “እዚህ መንደር ነበር” ብለው ይጽፉበታል፤ በበጋ ተሰብስበው አብረው ይበላሉ።

አንዲት ቤርዮዞቭካ ከመዝገብ ስትሰረዝ “ምን ችግር አለው፣ ስንት ሌላ አለ” ማለት ይቀላል። ይሄ አባባል ያመኛል። ለጓደኛዬ እናት ሌላ ቤርዮዞቭካ አልነበረም። ጉድጓዱ፣ መቃብሩ፣ ጎረቤቱ ያለው በአንዷ ብቻ ነው።

እዚያ የተማራችሁ፣ ለእረፍት ጓደኛ ቤት ገጠር የሄዳችሁ ካላችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ። የመንደሩን ስም፣ ክልሉንና ወረዳውን ጭምር ንገሩኝ። በሚቀጥለው ክፍል አሰማላችኋለሁ። ደህና ሁኑ።