«ድሆች ናቸው፤ ግን ደስተኞች ናቸው»

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ስለቆየ አንድ አባባል ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ድህነት ወደ በረታበት አገር የሄደ ሰው ሲመለስ አዘውትሮ የሚናገረው ነገር አለ። «ምንም የላቸውም፤ ግን ከእኛ ይልቅ ደስተኞች ናቸው» ይላል። የሚናገረው ከልቡ ነው። እኔም በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አገልግዬ ስመለስ ወዳጆቼ ይህንኑ ከአፌ ሊሰሙ ጠብቀው ነበር። አላልኩም። ዛሬም አልልም።

ሳቁን አይቻለሁ፤ እውነተኛ ሳቅ ነው። ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች አንዷ የሌላዋን ልጅ ተቀብላ እያቀፈች፣ የምታውቃትንም የማታውቃትንም እያጫወተች ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። አንድ ሰው ሲታመም ተሸክመው የሚያመጡት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አስታመው የሚመልሱትም እነሱ ናቸው። ይህን ያየ ሰው ልቡ ባይነካ ይገርመኛል። ግን ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? እንግዳ ሲመጣ ፊት ይፈታል። ከጠዋት ጀምራ ስትስቅ የዋለችው እናት፣ ተራዋ ደርሶ «መድኃኒቱ አልቋል» ስትባል ፊቷ ምን እንደሚሆን የሚያየው እዚያው ቆሞ የሚነግራት ሰው ብቻ ነው። ያን ፊት ያየ ሰው ስለ ድህነትና ስለ ደስታ ሲናገር ቃሉን ይመርጣል።

ነገሩን በጥናት የፈተሹም አሉ። ሮበርት ቢስዋስ ዲነርና አባቱ ኤድ ዲነር፣ ሁለቱም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በህንድ ካልካታ 83 ድሃ ሰዎች ስለ ኑሯቸው ተጠይቀው ነበር። በተጎሳቆሉ መንደሮች የሚኖሩ፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩና በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ነበሩ። ስለ አጠቃላይ ሕይወታቸው የሰጡት መልስ በጥቂቱ ወደ ቅሬታ ያዘነበለ ነው። ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ወዳጆቻቸውና ስለ ራሳቸው ማንነት ሲጠየቁ ግን እርካታ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የካልካታን የጎዳና አዳሪዎች ከአሜሪካ ቤት አልባዎች ጋር አነጻጸሩ። በሕይወታቸው ይበልጥ ረክተው የተገኙት የካልካታዎቹ ናቸው፤ ተመራማሪዎቹም ነገሩን ከማኅበራዊ ትስስር ጋር አያያዙት። ሁለቱም ሕዝብ ድሃ ነው። አንደኛው ግን በድህነቱ ላይ ብቸኝነት ተጨምሮበታል።

ድህነት በራሱ የደስታ ምንጭ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ደስታን ባደፈረሰ ነበር። በምዕራብ ኬንያ ገጠር የሆነው ተቃራኒው ነው። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ የሰጣቸውን ድሃ ቤተሰቦች ዮሃነስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናታቸው ገንዘቡን ያገኙት ሰዎች ደስታና የሕይወት እርካታ ጨምሮ፣ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ውጤት ሳነብ እፎይ አልኩ። ሰዎቹ ከችግራቸው ሲወጡ የሚያጡት ነገር አለ ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ሳያውቀው ችግሩ እንዲቀጥል ሊፈርድ ይችላልና።

ሌላም የማስበው ነገር አለ። በጎ ፈቃደኛው እዚያ ሳለ ራሱ ደስተኛ ነው። ጠዋት ሲነሳ የሚፈልገው ሰው አለ፤ የሠራው ሥራ ውጤቱ በዚያው ቀን ይታያል፤ የቤቱ ዕዳና የአለቃው ቁጣ ሩቅ ነው። ስለዚህ በመንደሩ አየሁት ከሚለው ደስታ ውስጥ ብዙው የራሱ ይመስለኛል። በዚያ ላይ የመመለሻ ቲኬት በኪሱ አለ። ጨለማው፣ የውሃ እጥረቱ፣ የመንገዱ ርቀት ለእሱ መጨረሻ ያለው ፈተና ነው። ለጎረቤቱ ግን ኑሮ ነው።

ታዲያ የእኔ አመለካከት አልተለወጠም? ተለውጧል፤ ያውም ከሥሩ። የለወጠኝ የአንዲት ሴት ጥያቄ ነው። ልጇን ስታስታምም ሰነበተች፤ አንድ ቀን ስለ እኔ ኑሮ ስናወጋ «አንቺ ስትታመሚ ማን ያስታምምሻል?» አለችኝ። ስም ለመጥራት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ በፊት ደስታ ሠርቼ የማገኘው፣ አግኝቼም የማስቀምጠው የግል ሀብቴ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት የአገሮችን ልዩነት ለማብራራት ከሚጠቀምባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ችግር ቢገጥምህ የሚደርስልህ ዘመድ ወይም ወዳጅ አለህ ወይ የሚል ነው። ከአገር ገቢና ከጤና ጎን የሚቀመጥ ጥያቄ ነው። ያቺ ሴት ሪፖርቱን ሳታነብ ጠየቀችኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ የምጠይቃቸው ሕመምተኞች አሉ። ጎረቤቶቼን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ቁልፌን የሰጠሁት ሰው አለ። ለውጡ ይህን ያህል ነው፤ እኔ ግን ትልቅ ነው እላለሁ። በሌላ በኩል የድሃ ሰው ሳቅ የሚሰጠኝ መጽናኛ ቀርቷል። ፎቶግራፉን ሳይ መጀመሪያ የማስበው ከፎቶግራፉ ውጭ ስለቀረው ነገር ነው። ይህም ከጉዞው ያገኘሁት ነው፤ እንዲመለስልኝ የምፈልገው የድሮ ምቾት የለኝም።

ለመሄድ የምትዘጋጁ አድማጮች ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ሰዎቹ ደስተኞች ናቸው ወይስ አይደሉም ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ምን ቢቀየርላቸው ደስ እንደሚላቸው ጠይቋቸው። እኔ ስጠይቅ ያገኘኋቸው መልሶች ግልጽ ነበሩ፦ የቀረበ ውሃ፣ ዝናብ ሲጥል የማይቆረጥ መንገድ፣ ሴት ልጅ ትምህርቷን እንድትጨርስ፣ መድኃኒት የማያልቅበት ጤና ጣቢያ።