ጭራቁ ስንት ይምታ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ከሐዋሳ ነው የማናግራችሁ። የዛሬው ወሬዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ከብበን ስለምንጫወተው የጀብዱ ጨዋታ፣ ይልቁንም ጨዋታ መሪው፣ ማለትም ታሪኩን የሚተርከውና ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ ብቻውን ስለሚያወጣው ስለሚያወርደው ጥያቄ ነው፤ ጭራቁ ስንት ይምታ?

ብዙ ሰው መልሱን ከመጽሐፉ ይጠብቃል። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የጨዋታችን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕግ መጽሐፍ አምስተኛ እትም ለእያንዳንዱ ፍጡር የክብደት ቁጥር ይሰጠዋል። የጭራቁ ቁጥር 2 ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ለደረሱ አራት ጀግኖች ይመጥናል ማለት ነው። ዱላው ሲያርፍ ሁለት ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ይጣልና 4 ይደመራል። አማካዩ 13፣ ከፍተኛው 20 ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከአማካዩ በላይ ያለው ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለችው አስማተኛችን 8 የሕይወት ነጥብ አላት፤ ምት ባረፈባት ቁጥር ይቀነሳል፣ ሲያልቅ ትወድቃለች። አንድ ምት የነጥቧን እጥፍ፣ 16ን፣ ከደረሰ፣ በሕጉ መሠረት ወድቃ የመነሣት ዕድል እንኳ አይሰጣትም፤ እዚያው ትሞታለች። ዱላው ካረፈ፣ ከ64 የዳይስ ውጤቶች 15ቱ ይህን ያደርጋሉ። አስማተኛዋን የምትጫወተው ልጅ የገጸ ባሕርይዋን ታሪክ በእርሳስ ጽፋ ነው የምትመጣው፤ የሕይወት ነጥብ የሚሞላበት ቦታ ላይ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቷል። ያንን ወረቀት፣ እሷ አንድም ነገር ሳትወስን፣ በአንድ ውርወራ ዋጋ ማሳጣት ግፍ ነው። ሞት ይኑር፤ ያለ ሞት ፍርሃት የለም። ግን ከውሳኔ በኋላ ይምጣ።

ስለዚህ ጉዳቱን ሳልቀንስ ለሁለት ምት እከፍለዋለሁ። ጭራቁ አንዴ በዱላ፣ አንዴ በጡጫ ይመታል፤ እያንዳንዱ ምት አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሲደመር 3። ሁለቱ ቢያርፉ ድምሩ በአማካይ ያው 13 ነው። አንዱ ምት ግን ከ9 አያልፍም፤ አስማተኛዋን ሊጥላት ይችላል፣ በአንድ ጊዜ ሊገድላት አይችልም። ከወደቀችም ሁለተኛው ምት ወደ ጦረኛው ይዞራል፤ ጓደኞቿም የሚደርሱላት ተራ ያገኛሉ።

የጠላት ብዛትም ሒሳቡን ይለውጣል። እያንዳንዳቸው በአማካይ 5 የሚመቱ አራት ጎብሊኖች፣ ማለትም ትናንሽ ክፉ ፍጡራን፣ በወረቀት ላይ ከጭራቁ ይበልጣሉ። ሆኖም ያላቸው የሕይወት ነጥብ ሰባት ሰባት ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ቶሎ ይወድቃሉ፣ ጉዳቱም በግማሽ ይቀንሳል። ጭራቁ ግን ከ59 ነጥቡ አንዷ ብቻ ስትቀረው እንኳ በሙሉ ኃይሉ ይመታል። ብቸኛ ጠላት ሳዘጋጅ ይበልጥ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ጨዋታ መሪዎች ዳይሱን ከልለው ይጥሉና ቁጥሩን በሆዳቸው ያሳንሳሉ። በዚህ አልስማማም። ተጫዋቾቹ አንዴ ከጠረጠሩ ድላቸውም ይረክስባቸዋል። ዳይሱ በግልጽ ይጣል፤ ምሕረቱ ጠላቱ ሲዘጋጅ ይታሰብበት።

ከቁጥሩ እኩል ደግሞ ማስጠንቀቂያ እወዳለሁ። ለረግረጉ ምዕራፍ ያዘጋጀሁት አውሬ ከሐይቃችን ጉማሬ የተቀዳ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ያደገ ሰው ጉማሬ አፉን ሲከፍት እያዛጋ ነው ብሎ አይጠጋም። አውሬውም በመጀመሪያው ተራው አፉን ይከፍታል፣ ውኃውን ይንጣል፣ ማንንም አይነካም። በሁለተኛው ተራ ፊቱ ቆሞ የጠበቀው ሰው ካለ ግን ጉዳቱን በሁለት ምት አልከፋፍልለትም፤ ዳይሱን በሙሉ እጥላለሁ።