አዲስ የበቀለ የካናቢስ ችግኝ አያያዝ፦ በዋሺንግተን ዲሲ በቤታቸው ለሚያበቅሉ ጀማሪዎች

(ምስል፦ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ የቆመ፣ ሁለት ክብ ቅጠሎች ብቻ ያሉት ችግኝ)

ተራኪ፦ የካናቢስ ዘር ከአፈር ብቅ ካለበት ቀን አንስቶ እስከ ሁለተኛው ወይም እስከ ሦስተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ የችግኝነት ጊዜው ነው። ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ችግኛቸውን የሚያጡት ቸል ብለውት ሳይሆን፣ ቶሎ እንዲያድግላቸው ከመጓጓት የተነሳ ውሃውንም ማዳበሪያውንም መነካካቱንም ስለሚያበዙበት ነው።

ወደ አያያዙ ከመግባታችን በፊት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። የዋሺንግተን ዲሲ መራጮች በኅዳር 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባጸደቁትና በየካቲት 2015 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው በዋና መኖሪያ ቤቱ ውስጥ እስከ ስድስት የካናቢስ ተክል ማብቀል ይችላል፤ ከእነዚህ ውስጥ አድገው ለአበባ የደረሱት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ አዋቂዎች ቢኖሩም ጠቅላላው ቁጥር ከአሥራ ሁለት፣ ያደጉት ደግሞ ከስድስት ማለፍ አይችሉም። ሕጉ የሚፈቅደው በቤት ውስጥ ማብቀልን ስለሆነ ችግኙን ወደ ግቢ ወይም ወደ በረንዳ ማውጣት አይገባም። ድንበር ተሻግረው ሜሪላንድ ለሚኖሩ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የተፈቀደው በአንድ ቤት ሁለት ተክል ብቻ ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ አራት ተክል ተፈቅዶ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስምና የመታወቂያ ቁጥር እንዲለጠፍ ታዝዟል።

ይሁን እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ካናቢስን ማብቀል ዛሬም ይከለክላል፤ ይህ ደግሞ ገና ዜግነት ላላገኘ ወገናችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ተግባር ክፍለ ሀገሩ ቢፈቅደው እንኳ የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ዘር ከመግዛቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት፤ በፌዴራል ድጎማ በሚተዳደር አፓርትማ የሚኖርም የቤት ኪራይ ውሉን ያንብብ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካናቢስን ማብቀል በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ዘሩን በሻንጣ ይዞ ወደ አገር ቤት መግባት ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም።

(ምስል፦ ችግኙ በቅርበት፤ ክቦቹ ቅጠሎች፣ ከመካከላቸው ብቅ ያሉ ጥርሳም ቅጠሎች)

ተራኪ፦ መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት ክብና ለስላሳ ቅጠሎች የዘር ቅጠሎች ይባላሉ። እነዚህ ዘሩ ውስጥ የተከማቸውን ምግብ ይዘው ስለሚወጡ ችግኙን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመግቡት እነርሱ ናቸው። ቀጥሎ ከመካከላቸው ጠርዛቸው ጥርስ ያለው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዘለላ ብቻ የሆኑ ጥንድ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ከዚያ ባለ ሦስት፣ በመቀጠልም ባለ አምስት ዘለላ ቅጠሎች ይከተላሉ። አንዳንድ ጊዜ የዘሩ ቅርፊት ጫፉ ላይ ተጣብቆ ቅጠሎቹ እንዳይከፈቱ ያግዳቸዋል። እንዲህ ሲሆን በጥፍር መላጥ ቅጠሉን ከቅርፊቱ ጋር ሊያነሳው ስለሚችል፣ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ ቅርፊቱ ላይ አድርጎ እስኪለሰልስ መጠበቅና አልላቀቅ ካለ ብቻ በወረንጦ ቀስ አድርጎ መክፈት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚፈልገው ውሃ ማጠጣት ነው። የችግኙ ስር ገና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ኩባያው ሙሉ ውሃ ሲጠጣ፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረውን አየር ውሃው ይተካውና ስሩ ይታፈናል። የታፈነ ስር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ጀማሪው ግን ይህን ሲያይ ተጠማ ብሎ እንደገና ያጠጣዋል። ሁለቱን ለመለየት ቅጠሉን መዳሰስ ይበቃል፦ ውሃ የበዛበት ቅጠል ወፍራምና የተወጠረ ሆኖ ከነአገዳው ወደ ታች ይቆለመማል፣ የተጠማው ግን ስስና ልል ይሆናል፤ ኩባያውም ሲያነሱት ይቀላል። ስለዚህ በየስንት ቀኑ ላጠጣ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ኩባያውን በእጅ አንስቶ ክብደቱን መመዘን ይገባል። ደረቅ አፈር ብቻ የያዘ ሌላ ኩባያ አጠገቡ ማስቀመጥ ለማነጻጸር ይረዳል። ሲቀል በግንዱ ዙሪያ፣ ግንዱን ሳይነኩ፣ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ ይበቃል፤ ኩባያውም ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው።

የቧንቧ ውሃን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ክሎሪኑ እንዲተን በባልዲ ቀድቶ ማሳደር ነው። የዋሺንግተን የውሃ አቅርቦት ግን በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚሠሩት በክሎራሚን ሲሆን፣ ክሎራሚን በአንድ ሌሊት አይተንም። የሚያሳስበው ሰው ውሃውን በካርቦን ማጣሪያ ያሳልፈው፤ በእኔ አስተያየት ግን ለመጠጥ በሚፈቀደው መጠን ያለ ክሎራሚን ለችግኝ ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፣ ከውሃው ዓይነት ይልቅ ብዛቱ ነው የሚገድለው።

(ምስል፦ የአፈር ከረጢት፣ አጠገቡ ነጭ የፐርላይት ቅንጣቶች)

ተራኪ፦ አፈሩ ቀላልና ውሃ የሚያሳልፍ፣ ፒት ሞስ (የበሰበሰ የረግረግ ሣር ብስባሽ) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ቅንጣት) የተቀላቀለበት፣ ፒኤቹም (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል ቢሆን ይመረጣል። ለወራት የሚበቃ ማዳበሪያ የተቀላቀለበት አፈር ለትልቅ ተክል ቢመችም የችግኙን የቅጠል ጫፍ ያቃጥላል። ችግኙ ሦስት ጥንድ እውነተኛ ቅጠሎች፣ ማለትም ከዘር ቅጠሎቹ ቀጥለው የሚወጡትን ጥርሳም ቅጠሎች፣ እስኪያወጣ ድረስም ተጨማሪ ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ለችግኝ እየተባለ የተደረደረው ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ብርሃንን በሚመለከት፣ በዲሲ በታኅሣሥ መጨረሻ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሚረዝም የመስኮት ብርሃን አይበቃም። በመስኮት ያደገ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ ግንዱም እየቀጠነ ሄዶ በራሱ ክብደት ይወድቃል። በቀን 18 ሰዓት የሚበራ የኤልኢዲ መብራት ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መስቀል ጥሩ መነሻ ነው። ግንዱ ከተመዘዘ መብራቱን በጥቂቱ ማውረድ፣ የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ከታጠፈ ወይም ቅጠሉ ከገረጣ ደግሞ ከፍ ማድረግ ነው። ሙቀቱ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይስማማዋል። በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው ችግኙን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርሃን በሚያስገባ የፕላስቲክ ክዳን መሸፈን ይረዳል፤ ክዳኑን ግን በየቀኑ ከፈት እያደረጉ ማናፈስ ይገባል።

ማናፈሱ የሚያስፈልገው ዳምፒንግ ኦፍ በሚባለው በሽታ ምክንያት ነው። ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያና ፉዛሪየም የሚባሉት ተሕዋስያን እርጥብና አየር በማያገኝ አፈር ውስጥ ሲባዙ ግንዱን ልክ በአፈሩ ገጽ ላይ ያጠቁታል። ቦታው ቡናማ ሆኖ ይቀጥናል፣ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው ችግኝም ሲነጋ ተጋድሞ ይገኛል። እዚህ የደረሰ ችግኝ መድኃኒት የለውም፤ ከነአፈሩ አስወግዶ ኩባያውን በሚገባ ማጠብ ብቻ ነው። መከላከያው አንዴ ካጠጡ በኋላ እንደገና እስኪያጠጡ ድረስ የአፈሩ ገጽ እንዲደርቅ መተው፣ ንጹሕ ዕቃና አዲስ አፈር መጠቀም፣ እንዲሁም ቅጠሉን በትንሹ ብቻ የሚያወዛውዝ ቬንቲሌተር ማስቀመጥ ነው። ይኸው ነፋስ ግንዱንም ያጠነክረዋል። አፈር ላይ የሚያንዣብቡ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከታዩም አፈሩ ከመጠን በላይ እርጥብ መሆኑን ይናገራሉ፤ እጮቻቸው ለጋ ስር ስለሚበሉ ቢጫ ማጣበቂያ ካርድ ማቆምና ውሃ መቀነስ ያስፈልጋል።

(ምስል፦ ችግኝ ከኩባያው ሲወጣ፤ ነጫጭ ስሮች አፈሩን አቅፈውት)

ተራኪ፦ የቅጠሎቹ ጫፍ ከኩባያው ከንፈር ሲያልፍና ነጭ ስር በታችኛው ቀዳዳ ብቅ ሲል ወደ ሰፊ ዕቃ ማዛወር ይቻላል። ግንዱን በሁለት ጣት መካከል አድርጎ፣ ኩባያውን ገልብጦ፣ ታችውን መታ መታ ሲያደርጉት አፈሩ ሳይፈርስ ይወጣል፤ ግንዱን ይዞ መጎተት ስሩን ይበጥሳል። የተመዘዘ ግንድ እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ ቢቀበር ችግሩ በከፊል ይስተካከላል። ዕድሜያቸውን ቆጥረው ወደ አበባ የሚገቡት፣ አውቶፍላወር የሚባሉት ዝርያዎች ግን መዛወር እድገታቸውን ስለሚያስተጓጉለው ከመጀመሪያው በመጨረሻው ዕቃቸው ቢዘሩ ይመረጣል።

በዚህ ዕድሜ ወንዱን፣ ለአበባዋ ከምትፈለገው ከሴቷ መለየት አይቻልም። ከመደበኛ ዘር ከሚበቅለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ስለሚሆንና በዲሲ ሕግ ችግኝም ከስድስቱ እንደ አንዱ ስለሚቆጠር፣ በተለይም በሜሪላንድ ሁለት ብቻ ለተፈቀደለት ሰው፣ ሴት ብቻ እንዲያበቅል የተዘጋጀ ዘር መግዛት የተሻለ ነው። ሕፃናት ወይም ውሻና ድመት ባሉበት ቤት ደግሞ ችግኙ የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍ ያለው ይሁን።